ማስተካከያ፦ የእንባ ብልቃጥ ያልኩት ነገር

ባለፈው ከሮማውያን መቃብር ስለሚወጡት ቀጫጭን የመስታወት ብልቃጦች ስጽፍ «የለቀስተኛ እንባ ማጠራቀሚያ ነበሩ» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ታሪኩ ደስ ስላለኝ ሳላጣራ ለጠፍኩት። ብልቃጦቹ የሽቶ፣ የቅባትና የመዋቢያ ዕቃ ናቸው፤ ውስጣቸው የቀረውን ዝቃጭ የመረመሩ ባለሙያዎች ያገኙት ዘይትና ቅባት ነው እንጂ እንባማ የለም።

ደግሞ ብልቃጦቹ ላይ የሚታየው ያ ቀስተ ደመና የመሰለ ቀለም የሠሪው ጥበብ አይደለም። መስታወቱ ለዘመናት ተቀብሮ እርጥበት ላዩን እየበላው፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ ስስ ሆኖ ሲነሳ የመጣ ነው። አዲስ እያለ ብዙው ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ አረንጓዴ ነበር።

ሁለት ቱቦ ጎን ለጎን የተጣበቀበት፣ ከላይ እጀታ ያለው ብልቃጥ ግን እንዳልኩት የኩል ዕቃ ነው (እሱን እንኳ አልሳትኩም!)፤ ከነነሐስ መኳያው የተገኘም አለ።