ጆን ዲር አይደለም! አይደለም! አይደለም!

ጫማዬን ሳላወልቅ ነው የምጽፈው፤ የፊደል ግድፈት ያየ ይለፈኝ።

ዘመድ ቤት በተሰቀለው በአያታችን የድሮ ፎቶ ላይ ያለው ያ ትራክተር ጆን ዲር፣ ማለትም አረንጓዴ የሚቀባው የአሜሪካው ትራክተር፣ አይደለም። «አረንጓዴ ነው እኮ» የምትሉኝ ሰዎች፣ ፎቶው ጥቁርና ነጭ ነው። ጥቁርና ነጭ! አረንጓዴውን የቀባው የአክስታችን ልጅ ስልኩ ላይ የጫነው አፕ ነው። አፑ ሣር አየ፣ ሰማይ አየ፣ መሐል ላይ ብረት አየ፤ ለብረቱ ደስ ያለውን ቀለም ደፋበት። ለአያታችን ካፖርትም ሐምራዊ ሰጥቶታል፤ እሱንስ ለምን አታምኑትም? አርሲ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሐምራዊ ካፖርት! ዋናውን ፎቶ መሳቢያ ውስጥ ጥሎ የተቀባውን ፍሬም አስገብቶ ከሰቀለ ዘመድ ጋር ምን ብዬ ልከራከር?

እሺ፣ አፑን ተዉት። ዛሬ አንጀቴን ያሳረሩት ጋሼ ናቸው። የትኛው ጋሼ እንደሆኑ የነበራችሁ ታውቃላችሁ። ቡናው ሁለተኛ ላይ ደርሶ ፎቶው ከእጅ እጅ ሲዞር፣ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው «ይህን ትራክተር አባቴ ከጣሊያን ነው የማረከው» አሉ። ዝም ማለት ነበር። አፍ አያርፍ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ማሲ ፈርጉሰን 35 ነው። የእንግሊዝ ሥራ ነው። በ1933 ጣሊያን ሲወጣ ይሄ ትራክተር በወረቀት እንኳ አልተነደፈም።»

«አንተ ያኔ ነበርክ?»

«አልነበርኩም፣ ግን...»

«እኔም አልነበርኩም። አባቴ ግን ነበር።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጋሼ ስኒያቸውን አነሱ፣ ፉት አሉ፣ አስቀመጡ፣ ከዚያ ደግሞ ቀስ ብለው «ይሄ ልጅ ሚስት ቢያገባ ብረት መቁጠሩን ይተው ነበር» ብለው ጨመሩልኝ። ሁለተኛ ዙር ሳቅ። ቡና የምታፈላዋ ልጅ ሳትቀር!

መልሱ አሁን ነው የመጣልኝ፤ ስለዚህ እዚሁ ልትሰሙት ነው።

ጋሼ፣ ከትራክተሩ ኋላ ይመልከቱ። ማረሻውን ያነሱት ከታች ሁለት ክንዶች፣ ከላይ አንድ ዘንግ ናቸው። ይህ በሃይድሮሊክ የሚሠራው የፈርጉሰን ሥርዓት ነው፤ በብዛት መመረት የጀመረው ፎርድና ፈርጉሰን አብረው በሠሩት 9ኤን በሚባለው ትራክተር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1939። ጣሊያን አገራችን ውስጥ በነበረበት ጊዜ ያመጣው ትራክተር ማረሻውን እንዲህ አንጠልጥሎ አይታይም፤ ይጎትታል እንጂ። ሁለተኛ፣ «ማሲ» እና «ፈርጉሰን» የተዋሃዱት እ.ኤ.አ. በ1953 ነው፤ ሁለቱ ስሞች ብቻቸውን ተያይዘው ኮፈን ላይ መጻፍ የጀመሩት ደግሞ 1957 እያለቀ ነው። ስሙ ኮፈኑ ጎን ላይ ግማሹ ይነበባል፣ «ፈርጉ» የሚለው ድረስ፤ ቀሪውን የሸፈነው የራስዎ አባት ጉልበት ነው።

ይህን ሁሉ ብል ምን ይሉኝ ነበር? «አንተ ነበርክ?»

ይሄ የጣሊያን ምርኮ ነገር ደግሞ የእኛ ቤት ብቻ አይደለም። አሮጌ ትራክተር ፎቶ ያለው ቤተሰብ ሁሉ ወይ ከጣሊያን ማርኳል፣ ወይ ጃንሆይ ሸልመውታል፣ ወይ በአገሪቱ የመጀመሪያው ትራክተር የእሱ ነው። ስንት የመጀመሪያ ነው ያለን? ገዝቶት ይሆናል፣ በብድር ይሆናል፣ አከራይቶት ይሆናል ብሎ የሚጠረጥር የለም። በዚያ ላይ እትዬ ከጥግ «ካዱ ነው የሰጠው» አሉ። ካዱ፣ የአርሲው የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ጭላሎ ላይ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። ፎቶው ጀርባ ላይ በእርሳስ «ጥር 57» ተጽፏል። ከዚያ ሁሉ ሰው አብዛኛው ፎቶውን ገልብጦ ጀርባውን አላየም።

ገልብጠው ያዩት ደግሞ አሉ፤ እነሱ ባሱ። ከውጭ የመጣው ያ ዘመዳችን ስልኩን አውጥቶ «1957 ላይ የወጣው 35 ባለ አራት ሲሊንደር ነው፣ ይሄ ደግሞ ሦስት ነው፤ ስለዚህ 35 አይደለም» ብሎ አረፈ። ወንድሜ፣ የማን 57? አያታችን በፈረንጅ አቆጣጠር ይጽፉ ነበር? ጥር 1957 ማለት እ.ኤ.አ. 1965 ነው፤ ጥር አንድ ጃንዋሪ 9 ቀን ይውላል። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጥመው፤ 35ን የተካው ማሲ ፈርጉሰን 135 ለንደን ላይ ለሕዝብ የታየው ዲሴምበር 1964 ነው። በአንድ ወር ውስጥ ተሸጦ፣ መርከብ ላይ ተጭኖ፣ አሰብ ወይ ምፅዋ ወርዶ፣ አርሲ ገብቶ፣ በዚህ ላይ ጎማው እንደዚህ ተበልቶ ፎቶ ሊነሳ አይችልም። ስለዚህ ቀኑ ትክክል ከሆነ 135 ከግምት ወጣ ማለት ነው። ይሄን ስል የሰማኝ አለ? «ሽሮው ይድረስሽ» እየተባባሉ ነበር።

ቀኑን እንኳ ባታምኑ ፊቱን እዩ። የ135 ኮፈን ማዕዘን ያለው፣ ሳጥን ነገር ነው፤ የፊት መብራቶቹም ማስኬሪናው (የፊት ፍርግርጉ) ውስጥ ገብተዋል። የ35 አፍንጫ ክብ ነው፤ መብራት ካለው ከኮፈኑ ውጭ፣ ግራና ቀኝ ተለጥፎ ነው። የእኛው ላይ የቀኙ መብራት አለ፣ የግራው ቅንፉ ብቻ ቀርቷል፣ ጎንበስ ብሏል። ቅንፉ ራሱ በቂ ምስክር ነው። መብራት ጭራሽ ከሌለ ግን ምንም አትደምድሙ፤ ብዙዎቹ ያለ መብራት ነው የተሸጡት።

«ፈርጉሰን ከሆነማ ያ ግራጫው ነው» ያለውም ነበር። ግራጫው ቲኢ20 ነው፣ ከ1946 እስከ 1956 የተሠራው (ከዚህ በኋላ ዓመቶቼ የፈረንጅ ናቸው፣ ደከመኝ)። እሱ ኮፈኑ ጠበብ ያለ ነው፤ ብዙ ጊዜ የፊት ጎማው 4.00-19 ነው፣ ማለትም ረዥምና ቀጭን። 35 ላይ በብዛት የምታዩት 6.00-16 አጠር ወፈር ይላል። ግን ጎማ ይቀየራል! ጎማ ብቻ አይታችሁ ስም የምትሰጡ ሰዎች እባካችሁ ተዉ። ገጠር ውስጥ የተገኘው ጎማ ነው የሚገጠመው።

ሞተሩን እንቁጠር። ኮፈኑ ሥር ከናፍጣ ፖምፓው ወደ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) የሚሄዱ ቀጫጭን ቧንቧዎች አሉ፤ ለእያንዳንዱ ኖዝል (ናፍጣ ረጪ) አንድ። ሦስት ከሆኑ ሦስት ሲሊንደር፣ አራት ከሆኑ አራት። በቧንቧ ፈንታ ወፈር ያለ ገመድና ካንዴላ ካያችሁ ቤንዚን ነው፣ ወይም በላምባ የሚሠራው። የእንግሊዙ 35 ናፍጣ መጀመሪያ ስታንዳርድ የሚባለው ኩባንያ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ነበረው፤ ብርድ ላይ ለማስነሳት አበሳ የሚያሳይ። ከ1959 መጨረሻ ገደማ ጀምሮ ባለ ሦስት ሲሊንደሩ የፐርኪንስ ኩባንያ ሞተር ገባ። የእኛው ሦስት ነው። ማለትም ከ1959 ወዲህ፣ ከ135 በፊት። ሲሊንደር የቆጠረው ያ ዘመዳችን ቆጠራው ልክ ነበር፤ ካላንደሩ ነው የቀበረው።

ግን ቆይ፣ ሦስት ስለሆነ ብቻ ማሲ ነው እንዳትሉ። የፎርድ ሥራ የሆነው ፎርድሰን ዴክስታም ሦስት ሲሊንደር ነው፤ ሞተሩም ከፐርኪንስ የመጣ ነው፤ ዘመኑም ከ1957 እስከ 1964፣ ያው ነው። ቁመናቸውም ይመሳሰላል። ታዲያ በጥቁርና ነጭ እንዴት ይለያል? ጥቁረትና ንጣቱን በማነጻጸር። የማሲው ኮፈንና ፓራፋንጎ ቀይ ነው፣ ሞተሩና ካምቢዮው ግራጫ፤ ስለዚህ ፎቶው ላይ ሞተሩ ከኮፈኑ ነጣ ይላል። ዴክስታ ኮፈኑም ሞተሩም ሰማያዊ ነው፣ ቸርኬው ብርቱካናማ፤ ስለዚህ ኮፈንና ሞተር እኩል ጠቁረው ቸርኬው ነው የሚነጣው። ጭቃና አቧራ ያሳስታል፤ ስለዚህ ጭቃ የማይደርስበትን፣ ከመሪው በታች ያለውን ቦታ እዩ። ፊልሙም ያሳስታል፤ ድሮ የነበረው ለቀይ ብርሃን የማይሰማው ፊልም ቀይን ጥቁር፣ ሰማያዊን ነጭ ያደርገዋል። በ60ዎቹ ግን አብዛኛው ሁሉንም ቀለም የሚቀበል ፊልም ነው። የእኛው ላይ ሞተሩ ነጥቷል። ማሲ ነው። አለቀ።

35 ይሁን 35ኤክስ ግን አልናገርም፤ ኤክሱ የመጣው በ1962 መጨረሻ ነው፣ የሚለየውም ጎኑ ላይ ያለው ምልክት ነው፤ ምልክቱ ላይ ደግሞ አንድ ሕፃን ተቀምጧል። ያ ሕፃን ዛሬ ጡረታ ወጥቷል፤ ትንሽ ጠጋ ቢል ኖሮ ምን ነበረበት።

አሁን ወደ ፎቶ አላላክ እንምጣ፣ ይሄ ነው ደሜን የሚያፈላው። አንዱ በላስቲክ የታሸገውን ፎቶ መብራት ሥር ዘርግቶ በስልክ አነሳ፤ ነጸብራቁ በትክክል ማስኬሪናው ላይ። ሌላዋ «ዘመዶቹ እንዲታዩ» ብላ ትራክተሩን ቆርጣ ላከች። ትራክተሩን! ሌላው የስክሪንሾት ስክሪንሾት። አንዱ ብሩህ ደግሞ በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ «አጥርቼዋለሁ» ብሎ ላከ፤ ኮፈኑ ላይ በየትኛውም የዓለም ቋንቋ የማይነበብ ፊደል በቅሏል። ያ ማሽን የጠፋውን ፊደል አያገኝም፣ ይፈጥራል። ከእሱ ተነስቶ ሞዴል መለየት የሕልም እንጀራ ነው።

ስካነር ያለበት ማተሚያ ቤት ውሰዱት። በ1200 ዲፒአይ (በኢንች 1200 ነጥብ)፣ ቲፍ በሚባለው የፋይል ዓይነት። ስድስት በዘጠኝ ሳንቲሜትር የሆነች ትንሽ ፎቶ በዚህ ልክ 2800 በ4200 ፒክስል ገደማ ትሆናለች፤ የጎማው ጎን ላይ ያለው ቁጥር ሊነበብ ይችላል። ጥቁርና ነጭም ቢሆን በቀለም ስካን ይደረግ፣ እድፉና ጥላው እንዲለይ። ጀርባውንም ጭምር! እርሳሱ ከደበዘዘ አምፖሉን ከጎን ዝቅ አድርጋችሁ አብሩበት፣ የእርሳሱ ጭረት ይወጣል። ቴሌግራም ላይ በ«ፋይል» ላኩት፣ በ«ፎቶ» ከላካችሁት ይጨመቃል። ኔጋቲቩ ካለ ደግሞ ከወረቀቱ ይበልጣል። ግራና ቀኙ ተገልብጦ የታተመ መሆኑን ለማወቅም ሸሚዝ እዩ፤ የወንድ ሸሚዝ የደረት ኪስ በለባሹ ግራ ነው፣ በቀኝ ከሆነ ፎቶው ዞሯል። በስኮችም አትለጥፉት፣ በእግዚአብሔር።

ደግሞ ሌላ ጣጣ፤ ዩጎዝላቪያም በፈቃድ 35ን ሠርታለች፣ አይኤምቲ 533 የሚባለው መንትያው ነው። ስሙ ካልተነበበ በፎቶ ብቻ አትማሉ። የእኛው ላይ «ፈርጉ» ስላለ ተርፈናል።

ይህ ሁሉ ክርክር ግን በአንድ ወረቀት ያልቅ ነበር። ሊብሬው! የሻንሲ ቁጥር፣ የሞተር ቁጥር፣ አንዳንዴም የተሠራበት ዓመት ይጻፍበታል። ቁጥሩ ከተገኘ የፋብሪካው የቁጥር ዝርዝር ዓመቱን ይነግረናል፤ መገመት የለም፣ ሐምራዊ ካፖርት የለም። ሊብሬው ደግሞ አልጠፋም። ከመሬቱ ወረቀት ጋር በቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ እንዳለ ሁሉም ያውቃል። ቁልፉ ያለው ጋሼ ዘንድ ነው። ዛሬ ስወጣ በር ላይ ጠየቅኋቸው፤ «ምን ያደርግልሃል? ከጣሊያን ነው አልኩህ እኮ» አሉኝ።