ቴርሞሜትሩ ጥላ ውስጥ ነው

በፈረንጆቹ ሜይ 2024 የዴልሂ ነገር ጉድ ተባለ። ሙንጌሽፑር የሚባለው የአየር ሁኔታ ጣቢያ 52.9 ዲግሪ ሴልሺየስ መዘገበና ዜናው ዓለምን አዳረሰ። ቆየት ብሎ የሕንድ ሜትዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት መሣሪያው ሦስት ዲግሪ ያህል አብዝቶ እንደቆጠረ አስታወቀ። ወሬውም በዚያው ቀዘቀዘ።

እኔን ያልለቀቀኝ ግን የታረመው ቁጥር ነው። ሦስት ሲቀነስለት እኮ 50 ሊሞላ ምንም አልቀረውም። እሱም ቢሆን የጥላ ሙቀት ነው።

የጣቢያ ቴርሞሜትር የሚቀመጠው ነጭ ቀለም በተቀባ፣ ጎንና ጎኑ አየር በሚያስገባ ሳጥን ውስጥ ነው። ከመሬት ከፍ ይላል፤ ፀሐይ አይነካውም፤ ነፋስም ያገኛል። ከብዙው የከተማው ነዋሪ የተሻለ ቤት አለው ማለት ነው። ይሄ ስህተት አይደለም፤ ዴልሂን ከፓኪስታኗ ካራቺ ማወዳደር የሚቻለው ሁሉም በአንድ ደንብ ሲለካ ነው። ችግሩ ያንን ቁጥር ይዘን «ከተማዋ ዛሬ 44 ናት» ስንል ነው። የማን ከተማ?

በእነዚህ ከተሞች ድሃው የሚያድረው በቆርቆሮ ወይም በስስ የሲሚንቶ ጣሪያ ሥር ነው። ድሬዳዋ ላይ በቀትር ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ጋደም ብሎ ለሞከረ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም። ጣሪያው ቀን የጠጣውን ፀሐይ ወደ ታች ይለቀዋል። ሲመሽ ደግሞ ግድግዳውና አስፋልቱ ተራቸውን ይይዛሉ። ሰውነት ቀን የደረሰበትን የሚያስታግሰው ሌሊት ነበር፤ ሌሊቱም ካልበረደ መቼ ይረፍ?

ወበቅ ሲጨመርበት ይብሳል። ላብ የሚያቀዘቅዘን ሲተን ነው። አየሩ በእርጥበት ከተሞላ ላቡ ገላ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ካራቺ በጁን 2015 ያየችው ይህንኑ ነው። ሙቀቱ 45 ዲግሪ አካባቢ ደረሰ፤ ከተማዋን የሚያስተነፍሳት የባሕር ነፋስም ቆመ። ረመዳን ገና መግባቱ ነበር። መብራት ይጠፋል፤ መብራት ሲጠፋ ማራገቢያ የለም፣ ውኃ የሚስብ ፓምፕም የለም። ከ1,200 ሰው በላይ ሞተ፤ የሬሳ ማቆያው ሞልቶ ፈሰሰ። ይህን ሁሉ «የተፈጥሮ አደጋ» ብሎ ማለፍ ለእኔ አይዋጥልኝም። ነፋሱን ተፈጥሮ አቆመው እንበል፤ ማራገቢያውንስ ማን አቆመው?

የሕንዷ አህመዳባድ በሜይ 2010 ሙቀቱ 46.8 ደርሶባት ነበር። ተመራማሪዎች የዚያን ወር ሟቾች ከሌሎች ዓመታት ጋር ሲያስተያዩ ከተለመደው በላይ 1,344 ሰው ሞቶ አገኙ። በሞት ወረቀት ላይ «ሙቀት» ተብሎ ብዙም አይጻፍም። ልብ ይባላል፣ ኩላሊት ይባላል። ከተማዋ ግን አልተኛችም። በ2013 በደቡብ እስያ የመጀመሪያውን የሙቀት መከላከያ ዕቅድ አወጣች፦ በቀለም የተለየ ማስጠንቀቂያ፣ ለጤና ባለሙያዎች ሥልጠና፣ የመጠጥ ውኃ። ቆይታ የድሆችን ጣሪያ ነጭ መቀባት ጀመረች። ነጭ ጣሪያ ፀሐይን መልሶ ይልካል፤ ቤቱም ጥቂት ዲግሪ ይቀንሳል። አቧራ ሲለብስ ታጥቦ፣ ሲቆይ እንደገና መቀባት አለበት። ያም ሆኖ በባልዲ የሚሠራ ሥራ ነው።

እዚያው ከተማ ዋና ጽሕፈት ቤቱ ያለው ሴዋ፣ በግላቸው ሠርተው የሚያድሩ ሴቶች ማኅበር ነው፤ ለአባላቱ የሙቀት መድን አስገብቷል። የውጭው ሙቀት ከተቆረጠው ልክ ሲያልፍ ገንዘቡ ይከፈላል፤ የሐኪም ወረቀት አምጪ የለም። ቆንጆ ሐሳብ ነው፤ ጉልት ላይ የምትውል ሴት ፀሐዩን ሸሽታ ቤቷ ብትውል የዕለት ጉርሷን አታጣም። አሁንም ግን ልኩ የሚቆረጠው በውጭው አየር ነው። የቤቷ ውስጥ ሙቀት የትም አልተጻፈም።

ውድ ነገር አልጠየቅሁም። በየሰፈሩ ጥቂት ቤቶች ይመረጡ፤ ልጆች በሚተኙበት ጥግ፣ ከቆርቆሮው ሥር፣ አንድ አንድ ርካሽ ቴርሞሜትር በምስማር ይሰቀል። የቀዩ ማስጠንቀቂያም፣ የመድኑም ልክ፣ ከዚያ ይነሳ።