ውዳሴ ካርታ

በዚህ ከተማ «እገሌ ካርታ አለው» ሲባል እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የምናስበው ስለ ይዞታ ነበር። ባለ ካርታ ሰው ባንክ ቤት ሲገባ ወንበር ይሳብለታል፣ ሚስት ሲጠይቅ ሽማግሌዎቹ ብዙ አይደክሙም፤ ካርታው የመከነበት ደግሞ የክፍለ ከተማውን ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ጉልበቱም አብሮ ይመክናል። ስለዚህ ባለፈው መስከረም አንድ የቅርብ ወዳጄ ፒያሳ ማኪያቶ ይዘን በተቀመጥንበት «እኔም በመጨረሻ ካርታ አገኘሁ» ሲለኝ ከወንበሬ ተነሥቼ ሁለት ጉንጩን ሳምሁት። እርሱም በጥቁር ሐር የተጠቀለለ ነገር ከቦርሳው አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ በጥንቃቄ ፈታልኝ። እኅቱ ከዋሽንግተን የላከችለት፣ ዕጣ ፈንታ የሚነበብበት፣ 78 ካርዶች ያሉት የታሮት ካርታ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በሥራ ቀን ሁሉ ጠዋት ጠዋት ከእርሱ ጋር እቀመጣለሁ። ለምን እንደምቀመጥ ወደ ኋላ እናገራለሁ፤ ለጊዜው ግን ከዚህ ልማድ በረከት ከማንም ይልቅ በቅርብ የተካፈልሁ ሰው በመሆኔ፣ ዝም ብል ውለታ በላ እንዳልባል ይህችን ውዳሴ ለመጻፍ መነሣቴን አንባቢ ይወቅልኝ።

ሥርዓቱ የሚያስቀና ነው። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሲሆን ወዳጄ ስልኩን በፊቱ ደፍቶ ያስቀምጣል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ሦስት ጊዜ በረጅሙ ይተነፍሳል፣ ካርታውን ሰባት ጊዜ ይበውዛል፤ ከዚያም «ዛሬ ምን ልወቅ?» ብሎ በልቡ ጠይቆ በግራ እጁ አንድ ካርድ ይስባል። የዕለቱ ካርድ ይባላል። የወጣለትን ሥዕል ለረጅም ጊዜ ከተመለከተ በኋላ ማስታወሻ ደብተሩን ገልጦ የተሰማውን ሁሉ ያሰፍራል። አንድ ቀን አስተናጋጇ ትሪዋን እንደያዘች ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ጋሼ፣ ጸሎት ላይ ናቸው?» ስትል ጠየቀችኝ። «ኧረ አይደለም፤ ራሱን እያዳመጠ ነው» ብዬ መለስሁላት። እርሷም «እንግዲያው ሰምተው ሲጨርሱ ይንገሩኝ፤ ማኪያቶው እየቀዘቀዘ ነው» ብላ ሄደች።

«ራስን ማዳመጥ» የሚለው ቃል የዚህ ልማድ ትልቁ ግኝት ነው። ወዳጄ አምባሳደር አካባቢ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት የሚሠራ፣ ሁለተኛ ዲግሪ ያለው ሰው ሲሆን፣ ጠጠር ጣይ፣ ሞራ ገላጭ ወይም ኮከብ ቆጣሪ ሲባል ሲሰማ ፊቱን ያጨማድዳል፤ አገራችን ወደ ኋላ የቀረችው በእነዚህ ሰዎች ምክንያት እንደሆነም በጽኑ ያምናል። በግቢያቸው ውስጥ የሚኖሩት እማማ ቡናው በረካ ላይ ሲደርስ ሲኒ ደፍተው፣ አተላው ደርቆ የተወውን ምስል እያዩ «መንገድ ይታየኛል፣ በመንገዱም ላይ አንድ ቀጭን ሰው ቆሟል» ሲሉ ይሥቅባቸዋል። በማግሥቱ ጠዋት እርሱ ራሱ በካርድ ላይ በትሩን ተደግፎ በመንገድ ላይ የቆመ ቀጭን ሰው ሲያይ ግን አይሥቅም፤ ደብተሩን ያወጣል።

ይህንን እንደ ግብዝነት የሚቆጥር ሰው የነገሩን ጥልቀት አላስተዋለም። የእማማ ሲኒ ትልቅ ጉድለት አለበት፤ እማማ ወዳጄን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቁታል። መቼ እንደዋሸ፣ ከማን ጋር እንደተጣላ፣ እናቱን ከጠየቀ ስንት ሳምንት እንደሆነው ያውቃሉ፤ ስለዚህ አንድ ቀን ሲኒውን አዙረው አዙረው «አንተ ልጅ፣ የሰው ገንዘብ በእጅህ ይታየኛል» ያሉት ከአተላው አንብበው ይሁን ከግቢው ወሬ ለመለየት ያስቸግራል። ካርዱ ግን ምንም አያውቅም። ስለ አንባቢው አንዳች ነገር ስለማያውቅ ሊያሳፍረውም አይችልም፤ ለራስ ክብር ከዚህ የሚበልጥ ጥበቃ ያለው የምክር አገልግሎት በከተማችን ውስጥ እስካሁን አላየሁም።

የዘር ሐረጉም ቢሆን የተከበረ ነው። ታሮት የተወለደው በ15ኛው መቶ ዘመን በሰሜን ኢጣሊያ፣ በሚላኖና በፌራራ መኳንንት ቤት ሲሆን፣ ፒያሳችን ስሟን ካገኘችበት አገር መምጣቱ በራሱ ሰፈሩን እንዳወቀ ያስመሰክራል። ለሦስት መቶ ዓመት ያህል በዋናነት የነበረው ግን እኛ ኮንከር እንደምንጫወተው ያለ የካርታ ጨዋታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1781 ፓሪስ ውስጥ አንቷን ኩር ደ ዤብለን የተባለ ሊቅ ካርዶቹ የጥንት ግብፃውያን ካህናት የጥበብ መጽሐፍ ናቸው ብሎ ጻፈ። ፈረንሳዊው ተመራማሪ ሻምፖሊዮን የግብፃውያንን ጽሕፈት እንዴት ማንበብ እንደሚቻል ያስታወቀው በ1822 ስለሆነ፣ ሊቁ ይህን ሁሉ የደረሰበት በዘመኑ ማንም ሊያነበው በማይችለው ፊደል መሆኑ ሥራውን ይበልጥ የሚያስደንቅ ያደርገዋል። በዚያው ዘመን አልዬት የሚባል ሌላ ፓሪሳዊ የገዛ ስሙን ፊደላት ከኋላ ወደ ፊት ገልብጦ «ኤቴያ» ተባለና በካርታ ዕጣ ፈንታ መንገርን መተዳደሪያው አደረገው። የእኛ አዋቂዎች የሰውን ስም ይለውጣሉ ሲባል እንሰማለን፤ ይህ ሰው ግን ቢያንስ በራሱ ጀምሯል።

የእኛው ዐውደ ነገሥት ከዚህ ጋር ሲነጻጸር አድካሚ መሆኑን መካድ አይቻልም። የሰውየው ስም ከእናቱ ስም ጋር በፊደል ቁጥር ይደመራል፣ ድምሩ በ12 ይገደፋል፣ በቀሪው ኮከቡ ይፈለጋል። ሁለተኛ ዲግሪ ያለው ሰው ገና ቁርስ ሳይበላ በ12 ያካፍል ማለት ግፍ ነው።

ወዳጄ የያዘው ዓይነት ሥዕል ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1909 ለንደን ውስጥ ሲሆን፣ 78ቱንም የሣለችው ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ የተባለች ሠዓሊ ናት። ለዚያ ሁሉ ድካሟ የተከፈላት ጥቂት ነበር፤ በ1951 ስታርፍም የተረፋት ዕዳ ነው። በእጇ ከሣለቻቸው፣ ሳንቲም ካለባቸው 14 ካርዶች አንዱም እንኳ ስለ ክፍያዋ አለማስጠንቀቁ አንዳንድ ተጠራጣሪዎችን ያሳስባቸዋል። እኔ እንደሚመስለኝ ቀለማቸው ገና አልደረቀም ነበር።

ከካርዶቹ 22ቱ ታላላቅ ምሥጢራት ይባላሉ፤ የቀሩት 56 በበትር፣ በጽዋ፣ በሰይፍና በሳንቲም ይከፈላሉ። ከእነዚህ ሁሉ ብዙ ደስታ የሰጠችን ጽዋ ናት። አንድ እሑድ ወዳጄ እናቱ ቤት ተቀምጦ አንደኛዋ የጽዋ ካርድ ብትወጣለት በደስታ «ጽዋ ደረሰኝ!» ብሎ ጮኸ። እናቱም የማኅበር ተራ መስሏቸው «የትኛው ነው፣ የሚካኤሉ? ምነው ቀደም ብለህ ብትነግረኝ፣ ጌሾ እንኳ አልወቀጥሁም!» ብለው ከመቀመጫቸው ተነሡ። ጽዋ ማለት በውስጥ የሚፈስ የስሜት ምንጭ መሆኑን፣ የመጣችለትም ለአዲስ ፍቅር ልቡን እንዲከፍት መሆኑን በትዕግሥት አስረዳቸው። እናቱ እስከ መጨረሻው በጥሞና አዳምጠው «ይሁን፤ ታዲያ ስንት ሰው ይመጣል?» አሉት።

አስፈሪ የሚመስሉትም ቢሆኑ ጨዋ ናቸው። 13ኛው ካርድ በነጭ ፈረስ ላይ የተቀመጠ አጽም ነው፤ ስሙም ሞት ነው፤ ነገር ግን የታሮት ወዳጆች ሁሉ «ሞት ማለት ለውጥ ነው» ብለው ወዲያውኑ ያጽናኑሃል። የእኛ ዕድር ስንት ዘመን ሙሉ ድንኳን ሲተክልና ንፍሮ ሲቀቅል ይህ ትርጓሜ አልመጣለትም። 16ኛው ደግሞ መብረቅ የመታው ግንብ ሲሆን ሰዎች ከላዩ ቁልቁል ይወድቃሉ። ይህ ካርድ በወጣበት ጠዋት፣ በ2016 ዓ.ም. ከዶሮ ማነቂያ ተነሥቶ ዳር ከተማ የገባ አንድ ባልደረባችን አብሮን ነበር። ወዳጄ «የሚፈርሰው ቀድሞም ጽኑ ያልነበረው ነው» ብሎ ለራሱ ሲጽፍ፣ ባልደረባችን ሥዕሉን አንሥቶ ብዙ ጊዜ ካየው በኋላ «ይህችን እኔም አውቃታለሁ፤ ለእኔ የሳበልኝ ግን ወረዳው ነው» አለ። ወዳጄ ካርዱን በሌላ ሰው እጅ መነካቱ ኃይሉን ይበክለዋል ብሎ ስለሚያምን ተቀብሎ በጭስ አጠነው። ለማጠኛው የሚጠቀምበትን ቅጠልም እኅቱ ናት ከአሜሪካ የምትልክለት፤ ዕጣንና ወገርት ኋላቀር ናቸው።

ታሮት የከበደው ሰው ደግሞ ኦራክል የሚባለው ካርድ አለለት። ይህኛው ቁጥሩ እንኳ የተወሰነ አይደለም፤ አዘጋጁ የፈለገውን ያህል ያትማል። ሰይፍም አጽምም የለበትም፤ ጨረቃ ወይም ድኩላ ተሥሎበት ከሥሩ «ለራስህ ደግ ሁን» ወይም «የማይጠቅምህን ልቀቅ» የሚል ይጻፍበታል። አባቶቻችን ቅኔ ሲዘርፉ ሰሙን ከወርቁ ጋር አስማምቶ ማቅረብ የባለ ቅኔው ዕዳ ነበር። እዚህ ግን ሰሙ ብቻ ይታተማል፤ ወርቁን እያንዳንዱ አንባቢ ከኪሱ ያዋጣል፤ ያዋጣው የራሱ በመሆኑም ልክ ሆኖ ያገኘዋል። እ.ኤ.አ. በ1948 በርትራም ፎረር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና መምህር 39 ተማሪዎቹን የባሕርይ ፈተና ፈትኖ «የየራሳችሁ ውጤት ነው» በማለት ለሁሉም አንድ ዓይነት ጽሑፍ አደላቸውና ምን ያህል እንደሚገልጻቸው ከ5 እንዲሰጡ ጠየቃቸው። አማካዩ 4.26 ሆነ። ጽሑፉን የለቃቀመው በመንገድ ከሚሸጥ የኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ነበር። ወዳጄ ይህን ስነግረው በጣም ተደነቀና «አየህ፣ ሁላችንም አንድ ነን» አለኝ።

ከሁሉም በላይ የማደንቀው ግን ሌላ ነው። ይህ ካርድ ቀኖና አይሰጥም። በቀደመው ሥርዓት ራሱን መመርመር የፈለገ ሰው ወደ ንስሐ አባቱ ሄዶ የሠራውን በገዛ አንደበቱ ይናገር ነበር፤ የንስሐ አባቱም ይህን ያህል ስገድ፣ ይህን ያህል ጹም፣ የወሰድኸውንም ለባለቤቱ መልስ ይሉታል። ይህ የመጨረሻው ነገር ብዙ ጨዋ ሰዎችን ከቤተ ክርስቲያን ደጅ እንዳራቀ እገምታለሁ። ካርዱ ግን «መልስ» ብሎ አያውቅም፤ ሁልጊዜ የሚናገረው ስለ መቀበል ነው። ምናልባት አልፎ አልፎ ደስ የማያሰኝ ካርድ ቢወጣ እንኳ «ማብራሪያ» ተብሎ ሌላ ይሳባል፣ እርሱም ካልጣመ ሦስተኛ። ዕጣ መድገም ለከተማችን እንግዳ ነገር አይደለም፤ በ2014 ዓ.ም. የ14ኛው ዙር የጋራ መኖሪያ ቤት ዕጣ ከወጣ በኋላ ተሰርዞ ዳግመኛ እንዲወጣ ተደርጓል። ያኔ ግን ዕጣውን ለማሰረዝ ምርመራ አስፈልጎ ነበር። ወዳጄ ማኪያቶው ሳይቀዘቅዝ ይጨርሰዋል።

አሁን ለምን አብሬው እንደምቀመጥ ልናገር። ካርታው ሳይመጣለት በፊት፣ በሚያዝያ ወር፣ ወዳጄ በሁለት ሳምንት እመልሳለሁ ብሎ ሃያ ሺህ ብር ተበድሮኛል። ሁለቱ ሳምንት ካለፈ በኋላ ስጠይቀው ጉዳዩን በጠዋት እንደሚያስብበት ነገረኝ፤ እውነትም በየጠዋቱ ያስባል። እኔም ማንን መለመን እንዳለብኝ ከገባኝ ቆየሁ፤ ዓይኔን ከካርታው ላይ አልነቅልም። የተሰቀለው ሰው ሲወጣ «መጠበቅም ጥበብ ነው» ይላል፤ የሳንቲሙ አራት ሲወጣ «ያለህን አጥብቀህ ያዝ» ይላል፤ የሳንቲሙ ስድስት፣ ለለማኞች ገንዘብ የሚመጸውተው ባለጸጋ የወጣ ቀን ልቤ ደነገጠ፤ እርሱ ግን በሥዕሉ ላይ ራሱን ያገኘው ከተቀባዮቹ መካከል ነበር።

ባለፈው ዓርብ ፍትሕ ወጣች። በቀኝ እጇ ሰይፍ፣ በግራ እጇ ሚዛን የያዘችው፣ 11ኛዋ ካርድ ናት። በዙፋኗ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣ ፊት ለፊት ታየኛለች፤ እኔም እንደ ባለ ጉዳይ ጉሮሮዬን ጠራርጌ «እንግዲህ ይህችስ ግልጽ ናት» አልሁት።

ወዳጄ ዓይኑን ከካርዱ ሳያነሣ ራሱን ነቀነቀ። «ለአንተ ነው ግልጽ የሆነችው፤ ማዶ ስለተቀመጥህ ነው። ወደ እኔ ግን ተዘቅዝቃ ነው የወጣችው» አለኝ። ፍትሕ ስትዘቀዘቅ ምን ማለት እንደሆነ ብጠይቀው፣ በራስህ ላይ አትፍረድ ማለት መሆኑን ነገረኝ፤ ይህንንም ከቀኑ ጋር በደብተሩ ላይ ጻፈ። አስተናጋጇ ሒሳቡን ስታመጣ ዓይኑን ጨፍኖ በረጅሙ እየተነፈሰ ስለነበር የሁለታችንንም ማኪያቶ ከፈልሁ። ለሰኞ ወንበር ለመቀየር ማልጄ መምጣት ይኖርብኛል።