«አልጨመረም» ማለት ርካሽ ነው ማለት አይደለም

ማልታ ውስጥ የመብራት ዋጋ ዘንድሮም አይነካም ተባለ። የቤት ታሪፍ ከ2014 ወዲህ ንቅንቅ አላለም (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)፤ የዩክሬን ጦርነት የጋዝ ዋጋን ሰማይ ባደረሰበት ጊዜ እንኳ ያው ነበር። ብራስልስ (የአውሮፓ ኅብረት) ድጎማውን ቀስ በቀስ አንሱ ባለች ቁጥር የሮበርት አቤላ መንግሥት አይሆንም ይላል፤ በየመድረኩም ይኮራበታል። ባለፈው እሑድ ቡና ላይ ይኸው ሲነሳ አንድ ወንድማችን «የኤሌክትሮጋዝ ጣጣ ያለፈ ነገር ነው። ቢሉ ቀንሷል፣ ሰዉም ተጠቅሟል፤ ከዚያ ወዲያ ምን አገባን?» አለ። እዚያው የመለስኩለት አልወጣልኝም፤ ስለዚህ እጽፈዋለሁ።

ያለፈ? ኤሌክትሮጋዝ የግል ባለሀብቶች ኩባንያ ነው፤ በጋዝ መብራት የሚያመነጨው ጣቢያው ሥራ የጀመረው በ2017 ነው፤ መብራቱን የሚሸጥበት ውል ደግሞ የ18 ዓመት ነው። ገና ወደ እኩሌታው ላይ ነን። እሑድ እሑድ የዓሣ ገበያ ወደሚቆምበት ማርሳሽሎክ የሄደ ሰው ያየዋል። በአፍንጫቸው ላይ ዓይን የተሣለባቸው ባለቀለም የዓሣ ጀልባዎች ተደርድረው፣ ከኋላቸው ፈሳሽ ጋዝ የተሸከመችው ግዙፍ መርከብ ተገትራ ትታያለች። ዛሬም እየከፈልንበት ያለነውን ነገር ያለፈ ታሪክ የሚል ሰው፣ ያልጨረሰውን ብድር ረሳሁት እንደሚል ተበዳሪ ነው።

«ቢሉ ቀንሷል» የሚለው ደግሞ ከሁሉ የሚያናድደኝ ነው፤ ምክንያቱም ቢሉ መቀነሱ እውነት ነው፤ ከጣቢያው ጋር ግን አይገናኝም። በ2013ቱ ምርጫ፣ አሸንፎ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ጆሴፍ ሙስካት የቤት መብራት በ25 በመቶ እንደሚቀንስ፣ አዲስ የጋዝ ጣቢያም በሁለት ዓመት ውስጥ እንደሚያስገነባ ቃል ገባ፤ ካልሆነ ሥልጣን እለቃለሁ አለ። ቅናሹ በመጋቢት 2014 መጣ። ያን ጊዜ ጣቢያው የት ነበር? የትም! አንዲት አምፖል ያበራው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። በመካከሉ የዓለም የነዳጅ ዋጋ ወረደ፤ የሻንጋይ ኤሌክትሪክ ፓወር ኩባንያ ገንዘብ የመንግሥቱ ኤሌክትሪክ ድርጅት ኤነማልታ ውስጥ ገባና ቻይናውያኑ የድርጅቱን 33 በመቶ ያዙ፤ በ2015 ከሲሲሊ በባሕር ሥር የተዘረጋው 200 ሜጋዋት የሚያስተላልፍ ኬብል ተመረቀ። ይህ ሁሉ ሲሆን ጣቢያው ገና አልቆመም ነበር። ታዲያ ላልነበረ ጣቢያ ምን ብለን ነው የምናመሰግነው? ሁለት ዓመቱ አለፈ፣ ጣቢያው አልደረሰም፣ ሙስካትም ከወንበሩ አልተነሣም። መንግሥት ይልቁንም ለኤሌክትሮጋዝ የባንክ ብድር በ360 ሚሊዮን ዩሮ ዋስ ሆኖ ቆመለት። ከአዲስ አበባ በስፋት በምታንስ አገር 360 ሚሊዮን ዩሮ ዋስትና ለግል ባለሀብት!

ቅናሹ የዋለው ለሌላ ነገር ነው፤ ጥያቄ ለማፈን። ማን ፈረመ? ከማን ጋር? ጨረታውን እንዴት አሸነፉ? ብሎ የጠየቀ ሁሉ «ቢልህ አልቀነሰም ወይ?» ተባለ። በ2016 የፓናማ ሰነዶች ሲወጡ የኢነርጂ ሚኒስትሩ ኮንራድ ሚዚና የጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ኪት ሼምብሪ ፓናማ ውስጥ ኩባንያ እንዳላቸው ታወቀ፤ ሚኒስትሩም ካቢኔው ውስጥ ቆየ። ጋዜጠኛዋ ዳፍኒ ካሩዋና ጋሊዚያ ዱባይ ስላለው 17 ብላክ ስለሚባል ኩባንያ ጻፈች፤ በጥቅምት 2017 መኪናዋ ውስጥ በተጠመደ ፈንጂ ተገደለች። የ17 ብላክ ባለቤት ዮርገን ፌኔክ፣ ማለትም ከጋዝ ጣቢያው ባለሀብቶች አንዱ መሆኑ በ2018 ተጋለጠ። ፌኔክ በግድያው ተባባሪነት ተከሶ ጥፋተኛ አይደለሁም ብሏል፤ ሚዚና ሼምብሪም ጥፋት የለብንም ይላሉ፤ ፍርዱን ለፍርድ ቤት እተዋለሁ። ዋና ኦዲተሩ ግን በጨረታው ሂደት ግድፈት በግድፈት ላይ ማግኘቱን በ2018 ጽፏል። በ2021 የወጣው የመንግሥታዊ አጣሪ ጉባኤ ሪፖርትም ከላይ ከሥልጣን አናት የተስፋፋ አለመጠየቅ ለሞቷ መንገድ እንደከፈተና መንግሥት ኃላፊነቱን መውሰድ እንዳለበት ተናግሯል። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ፤ እኛ ግን ገደሉን አይተን ነው ሳሩን የጋጥነው።

ማርሳ ላይ ከባድ ዘይት ሲያቃጥል የነበረው አሮጌ ጣቢያ መዘጋቱ መልካም ነው፤ ይህን አልክድም።

አሁን ደግሞ ዋጋው «ተይዟል»። ማን ነው የያዘው? በየዓመቱ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዩሮ ከግምጃ ቤት ይወጣል፤ ግምጃ ቤቱን የሚሞላው ደግሞ ከደሞዛችን የሚቆረጠው ነው። ከአንድ ኪሳችን ወጥቶ ወደ ሌላው ኪሳችን ቢገባ እንኳ ባልከፋ። ብዙ የሚያቃጥል ብዙ ይደጎማል፤ መዋኛ ገንዳውን የሚያሞቀው ሆቴል ከእኔ ይበልጥ ይረዳል። የቤት ታሪፍ የሚሰላው ደግሞ በተመዘገበ ነዋሪ ቁጥር ነው። ያልተመዘገበ ተከራይ እንደሌለ ይቆጠራል፤ ወደ ውዱ ታሪፍ ይገባል። አራት ሆነን በምንኖርበት ቤት የመጣውን ቢል ገልብጬ ሳይ የነዋሪ ቁጥር በሚለው ቦታ ዜሮ ተጽፎበታል። አራታችንም ዜሮ! ይህ ነው ሰዉን የጠቀመው ዋጋ?

ሐምሌ 2023ን የረሳ ካለ ላስታውሰው። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ አልፎ የመሬት ውስጥ ኬብሎች እየተቃጠሉ ለቀናት ስንጨልም ከረምን። ፍሪጅ ውስጥ የነበረውን ሥጋ አውጥተን ጣልን፣ ሊጡ ገንፍሎ ወለሉ ላይ ፈሰሰ፣ ሌሊት ፍራሽ ተሸክመን ጣሪያ ላይ ወጣን። ከጎን ጣሪያ ላይ አንዲት የማልታ አሮጊት እርጥብ ፎጣ ግንባራቸው ላይ አድርገው እስከ ንጋት መቁጠሪያቸውን ይቆጥሩ ነበር። ባለሥልጣናቱ ሙቀቱን ወቀሱ። ሜዲትራኒያን መሐል በተቀመጠች ደሴት ሐምሌ መሞቁ ድንገት ሆነባቸው? ዋጋ ለማቆም የፈሰሰው ገንዘብ ቀድሞ ኬብል ላይ ቢውል ኖሮ ያን ሌሊት አናየውም ነበር። በዓመት ወደ 3,000 ሰዓት ፀሐይ በሚወጣበት አገር ከሌላ አገር በመጣ ጋዝ ለ18 ዓመት መታሰርም ባላስፈለገ።

ለወንድማችን መልሴ ይኸው ነው። ለመንግሥት ደግሞ አንድ ነገር እጠይቃለሁ፤ የኤሌክትሮጋዝን ውል ሙሉውን ያውጡት። እስካሁን ለሕዝብ የታየው ቅጂ ዋጋውና አንቀጹ በጥቁር ቀለም የተሸፈነ ነው።