እድሜ ለፓስወርድ ያዦቻችን

ባለፈው ሐሙስ አንዲት ገጽ ስካን ላደርግ ፈለግሁ። አንዲት ናት። ስካነሩ እዚያው ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ኬብሉ ተሰክቷል፣ አረንጓዴ መብራቱ ቦግ ብሏል። ኮምፒውተሩ ግን ስክሪኑን ጨለም አደረገና የአድሚን፣ ማለት የኮምፒውተሩ አዛዥ የሆነውን ሰው፣ ፓስወርድ ጠየቀኝ። ከዊንዶውስ ቪስታ ዘመን፣ ከ2007 ጀምሮ የምናውቃት ያቺ ጨለማ። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጅ ቁጠሩልኝ።) ፓስወርዱ ያለው አይቲው ጋ ነው። አይቲው ፊልድ ወጥቷል። መቼ ይመለሳል? ሰኞ። የትኛው ሰኞ እንደሆነ የነገረኝ የለም።

እናንተም ቤት እንዲሁ እንደሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ ላማርርላችሁ አልመጣሁም። ምሬት ሞልቷል። እኔ የመጣሁት ላመሰግን ነው። ፕሪንተሩን፣ ስካነሩን፣ ካሜራውን፣ የፍላሽ መሰኪያውን ከእኛ ከተርታ ዩዘሮች ክፉ እጅ ጠብቀው ላቆዩልን ፓስወርድ ያዦች እድሜና ጤና ይስጥልን! የእኛ ክፍል ስካነር ከተገዛ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ዛሬም ላስቲኩ አልተላጠም። ማን ነክቶት።

ድሮ የትልቅ ቤት እመቤት የጓዳውን ቁልፍ መቀነቷ ላይ ትቋጥረው ነበር። ማርም ቅቤም ያማረው እሷን ይጠይቃል። ልዩነቱ፣ እመቤቲቱ ፊልድ አትወጣም።

መቆለፉን እንዳልጠላሁ ልብ በሉልኝ። ምክንያት አለው። ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት ያደረገበትን የፍላሽ ቫይረስ የረሳ አለ? በ2008 የአሜሪካ መከላከያ በፍላሽ በገባ ቫይረስ ተማሮ ሠራተኞቹ ፍላሽ እንዳይሰኩ ከልክሎ ነበር። በ2010 የተገኘው ስተክስኔት የሚባል ቫይረስ ደግሞ በፍላሽ ጭምር እየተጓዘ ነው የኢራንን የኒውክሌር ማበልጸጊያ ማሽኖች ያበላሸው። ስለዚህ የእኛ መዝገብ ቤት የዓመት ፈቃድ መጠየቂያ ፎርም ከኢራኑ የናታንዝ ኒውክሌር ጣቢያ እኩል ቢጠበቅ አይበዛበትም።

ፕሪንተሩም የራሱ ታሪክ አለው። በ2021 ጁላይ ላይ የዊንዶውስ የኅትመት አገልግሎት ክፉ ቀዳዳ እንዳለበት ታወቀ። ፕሪንትናይትሜር አሉት። ማይክሮሶፍት በኦገስት ባወጣው ማሻሻያ አድሚን ያልሆነ ሰው የፕሪንተር ድራይቨር፣ ዕቃውን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም፣ እንዳይጭን ከለከለ። በየአገሩ ትናንት ሲያትም የዋለ ሰው በማግሥቱ ፓስወርድ ይጠየቅ ጀመር። ይሁን፣ ቀዳዳ ይደፈን። የእኛዎቹ ግን ከቀዳዳው ጋር በሩንም መስኮቱንም በጭቃ መረጉት።

እንዲያውም ከዚህ በፊት፣ በ1975፣ ጀሮም ሳልትዘርና ማይክል ሽሮደር የሚባሉ ሁለት ሊቃውንት ኮምፒውተር ውስጥ ያለ መረጃ እንዴት እንደሚጠበቅ ጽፈው ስምንት መርሆች አስቀምጠዋል። አንዱ፣ ለማንም ሰው ሥራው ከሚፈልገው በላይ ሥልጣን አይሰጠው የሚል ነው። ፓስወርድ ያዦቻችን ይቺን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላቸው ይደግሟታል። አንዳንዶቹ እንዲያውም "ከሚፈልገው በታች" ብለው ነው የሚያነቧት። ከስምንቱ የመጨረሻው ደግሞ ጥበቃው ለሰው የሚመች ሆኖ ይሠራ፣ አለዚያ ሰው በትክክል አይጠቀምበትም ይላል። እዚያ ጋ ሲደርሱ መብራት ጠፍቶባቸው መሆን አለበት።

አሁን ወደ ሕክምናው ልምጣ። ሦስት መድኃኒት አላቸው። የመጀመሪያው፣ "ጋሼ፣ ሪስታርት አድርገውታል?" አድርጌዋለሁ። "እስቲ ድጋሚ ያድርጉት።" አደረግሁት። ፈቃድ የከለከለ ኮምፒውተር ሪስታርት ተደርጎ ሲነሳ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ? አረፍ ብሎ፣ ተዝናንቶ ይከለክላል። ሁለተኛው "ፎርማት ይፈልጋል" ነው። ቁልፉን ኪሱ ውስጥ ይዞ፣ በር ለተዘጋበት ሰው ቤቱን አፍርሰህ ሥራ ብሎ እንደመምከር።

ሦስተኛው የእኔ ተወዳጅ ነው። "በእኔ ይሠራል።" የአይቲ ክፍሉ ልጅ ይመጣል። ከወንበሬ ያስነሳኛል። የእኔን አካውንት ዘግቶ በራሱ ይገባል። ፓስወርዱን ሲጽፍ ኤቲኤም ላይ እንደቆመ ሰው በመዳፉ ይከልለዋል። ፕሪንተሩን ያገናኛል፣ የሙከራ ገጽ ያትማል፣ ገጿን ከፍ አድርጎ ያሳየኛል። "አዩ? ይሠራል።" ሄደ። እኔ በራሴ ስገባ ፕሪንተሩ የለም። ዊንዶውስ ላይ ከሰርቨር፣ ከመሥሪያ ቤቱ ማዕከላዊ ኮምፒውተር፣ የሚመጣ ፕሪንተር እንደተለመደው የሚገናኘው ለገባው ሰው ነዋ! ልጁ በራሱ ስም አገናኝቶ፣ በራሱ ስም አትሞ፣ በራሱ ስም ወጣ። ልብስ ሰፊ የራሱን ልክ ለክቶ ለእኔ ሱፍ ቢሰፋ ማለት ነው። ያውም ራሱ ለብሶት "ልክክ ብሏል" ይለኛል። ስደውልለት፣ "በእኔ ይሠራል እኮ ጋሼ!" እውነቱን ነው። በእሱ ይሠራል። ሥራው ግን የእኔ ነው።

ምርመራው እኮ ሁለት ጥያቄ ነው። ዕቃው ለሁሉም ነው እምቢ ያለው ወይስ ለአንድ ሰው? ለሁሉም ከሆነ ዕቃውን፣ ኬብሉን፣ ድራይቨሩን ታያለህ። ለአንዱ ብቻ ከሆነ በዚያ ሰው አካውንት ትገባና ምን እንደተከለከለ ታያለህ። ከዚያ ያቺን አንዲት ፈቃድ ትሰጠዋለህ። ሻይህ ሳይበርድ ያልቃል።

ዩኒቨርሲቲ ላብራቶሪ ውስጥ የሚሠራ ወዳጅ አለኝ። እነሱ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ ነው የሚጠቀሙት። መለኪያ መሣሪያቸውን ሲሰኩ "ፈቃድ የለህም" ይላቸዋል። ኡቡንቱ በሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ላይ የዚህ መፍትሔ ሰውየውን ዳያልአውት የሚባል ግሩፕ ውስጥ ማስገባት ነው፤ ከዚያ ሰውየው ወጥቶ እንደገና ይገባል፣ አለቀ። የእነሱ ባለሙያ ግን ጠዋት ጠዋት መጥቶ መሣሪያውን ለዓለም ሕዝብ በሙሉ ብርግድ አድርጎ ይከፍተዋል። ገመዱ ተነቅሎ ሲሰካ ፈቃዱ ድራሹ ይጠፋል። በማግሥቱ ጀግናው እንደገና ይመጣል። ያለ እሱ ላብራቶሪው አይንቀሳቀስም እየተባለ ይመሰገናል።

ካሜራና ማይክራፎንስ? ዊንዶውስ 10 ላይ እነሱን የሚከፍትና የሚዘጋ ማብሪያ አለ። አድሚኑ ለመላው ኮምፒውተር ከዘጋው እኔ ዘንድ ደብዝዞ ይታያል፣ ብነካው አይነቃነቅም። አንድ የኦንላይን ስብሰባ ላይ ሰዓት ሙሉ ከንፈሬን አንቀሳቅሼ ወጣሁ። ቃለ ጉባኤው ላይ "የክፍሉ ተወካይ አስተያየት የላቸውም" ተብሎ ተያዘ።

ከሁሉ የምወደውን ግን ገና አልነገርኳችሁም። እኛ ቤት አዲስ ፈቃድ የሚፈልግ ሰው በደብዳቤ ይጠይቃል። ጥሩ። "የፕሪንተርና የስካነር ፈቃድ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ" ብዬ ጻፍኩ። ደብዳቤ ታትሞ ይፈረማል፣ ማኅተም ይመታበታል። ማተሙ ደግሞ... ገብቷችኋል። ፍላሽ ሰካሁ፣ ተከልክሏል። ለራሴ ኢሜይል ላክሁና አስፋልቱን ተሻግሬ ፎቶ ኮፒ ቤት ገባሁ። "በቴሌግራም ጣል ያድርጉልኝ ጋሼ" አለኝ ልጁ። ጣል አደረግሁለት፣ አተመው። ተመለስኩ። አለቃችን ፈረሙ፣ ማኅተም አረፈበት። አይቲ ክፍል ወሰድኩት። "በወረቀት አንቀበልም፣ ስካን ተደርጎ በፒዲኤፍ ይላክ።" ስካነሩ ደግሞ... ገብቷችኋል። ተሻገርኩ። ልጁ ስካን አድርጎ ስልኬ ላይ ላከልኝ። ስልኬን ኮምፒውተሩ ላይ ሰካሁት። ባትሪውን ይሞላል፣ ፋይሉን አያሳይም። ከስልኬ በኢሜይል ላክሁ። ከአራት ቀን በኋላ መልስ መጣ። የመጠየቂያው አሠራር ስለተቀየረ አዲሱን ፎርም አትመው ይሙሉ ይላል። ተሻገርኩ።

ፎርሙ ላይ "የሚጠይቁት ዕቃ በአሁኑ ሰዓት ይሠራል?" የሚል ጥያቄ አለ። ምን ልበል? "በእሱ ይሠራል" ብዬ ሞላሁ።

ከዚያ ወዲያ መጠየቁን ተውኩ፣ መሻገሩን ቀጠልኩ። ብቻዬን አይደለሁም። ፋይናንስ ይሻገራል፣ የሰው ሀብት ይሻገራል፣ ግዥም ይሻገራል። ልጁ ኮምፒውተሩ ላይ ለየክፍላችን ፎልደር ከፍቶልናል። ኮምፒውተሩ ፓስወርድ የለውም። አንቲቫይረሱ ጊዜው ካለፈበት ቆይቷል። የእኛ ፋይሎች ከሠርግ ጥሪ፣ ከኮንዶሚኒየም ኪራይ ውልና ከአንድ ዕድር መተዳደሪያ ደንብ ጋር በሰላም ይኖራሉ። ልጁ አሁን ከእኛ በላይ እኛን ያውቀናል። የአምናው ዕቅድ ሲጠፋብን ያገኘነው እሱ ጋ ነው። የደብዳቤ ቁጥር ስንሳሳት ያርመናል፤ "ጋሼ፣ ይሄ ቁጥር ባለፈው ሳምንት ወጥቷል፣ አንድ ይጨምሩበት።" አንድ ባልደረባችን ወደ ሌላ ቅርንጫፍ መዛወሩን የሰማው እዚያ ቆሞ ለገዛ ልጁ የልደት ካርድ ሲያሳትም ነው። ደብዳቤው ገና ማኅተም አላረፈበትም ነበር። "እንኳን ደስ ያለዎ ልበል ወይስ አይዞዎት?" አለው ልጁ በጨዋነት። ባልደረባችን የቱ እንደሚሻል እስካሁን አላወቀም።

ኦዲተር መጥቶ "ባክአፕ አላችሁ?" ብሎ ሲጠይቅ አለቃችን ደረታቸውን ነፋ አድርገው፣ "በሚገባ! ያውም ከግቢ ውጭ ነው የምናስቀምጠው" አሉ። ኦዲተሩ ተደስቶ ጻፈው። አለቃችን አልዋሹም። ከግቢ ውጭ ነው። አስፋልቱን እንደተሻገሩ፣ ከዳቦ ቤቱ አጠገብ። እና ይሄ ሁሉ የሆነው ምሥጢር እንዳይወጣ ተብሎ ፍላሽ በተከለከለበት ቤት ነው።

አንድ ነገር ግን አያስቀኝም። ባለፈው ወር አንዲት እናት ከገጠር መጡ። የሟች ባላቸው የአገልግሎት ማስረጃ ፈልገው ነው። ፋይሉ ተገኝቷል። ከመደርደሪያ ወርዶ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ስካን ተደርጎ ወደ ዋናው ቢሮ መላክ ብቻ ነው የቀረው። ዋናው ፋይል ከግቢ ስለማይወጣ ፎቶ ኮፒ ቤት መውሰድ አይቻልም። "እማማ፣ ሲስተም የለም፣ ነገ ይመለሱ" ተባሉ። በማግሥቱም ነገ ተባሉ። በሦስተኛው ቀን የነጠላቸውን ጫፍ ፈተው የመሳፈሪያቸውን ብር ቆጠሩ፣ መልሰው ቋጠሩትና ሄዱ። ሲስተም ነበር! መብራት ነበር፣ ኔትወርክ ነበር፣ ስካነሩም ነበር። ያልነበረው ስክሪኑ ላይ አንዲት የፈቃድ ሳጥን ላይ ምልክት የሚያደርግ ሰው ነው። ያንን "ሲስተም የለም" ማለት ዓይን ያወጣ ውሸት ነው። ነውር ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ የነበርን ሁሉ እናውቅ ነበር። እኔም አውቅ ነበር፣ ወረቀት እያገላበጥኩ ዝም አልኩ።

እሺ፣ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

ለጋሶችንም መርሳት አይገባም። እነዚህ ጥያቄ የሰለቻቸው ናቸው። ሁሉንም ሰው አድሚን አድርገው ይገላገላሉ፣ ወይ ፓስወርዱን ቢጫ ወረቀት ላይ ጽፈው ሞኒተሩ ላይ ይለጥፉታል። እንዲህ ያለ አንድ ቢሮ ሄጄ ፓስወርዱን ስሳሳት፣ በር ላይ የተቀመጡት ጥበቃ "የመጀመሪያው ፊደል ትልቁ ነው" ብለው አረሙኝ። ምንም ከመከልከልና ሁሉንም ከመልቀቅ መሐል ያለችውን፣ የሚያስፈልገውን ያህል የምትሰጠዋን መንገድ ግን እስካሁን የረገጣት አላየሁም። ሣር በቅሎባት ይሆናል።

ሐሙስ ዕለት ታዲያ ያቺን ገጽ ይዤ ተሻገርኩ። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ዝግ ነው። በሩ ላይ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል። ለእህቴ ሠርግ አገር ቤት ሄጃለሁ፣ ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት እከፍታለሁ ይላል። የትኛው ሰኞ እንደሆነም ቀኑን ጽፎታል። ከፋይናንስ ሁለት ሰው፣ ከሰው ሀብት አንድ ሰው ወረቀት ታቅፈው ቆመዋል። የሚነጋገር የለም። ትንሽ ቆይቶ ከኋላችን አንድ ሰው ቁና ቁና እየተነፈሰ መጣ። ዞር አልኩ። አለቃችን ናቸው። የበሩን ወረቀት አነበቡት፣ መነጽራቸውን ጠርገው እንደገና አነበቡት።

"ማንን ወክሎ ነው የሄደው?" አሉ።