ሰውየው መቼ ተማረ?

እንግሊዝ ሀገር ስኖር ዐሥራ አንድ ዓመቴ ነው። እንጀራዬ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴት ፒያኖ ልትመታ ትመጣለች፤ አረጋውያኑም እንደተቀመጡ ይዘምራሉ። መጨረሻ ላይ የሚመጣው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «አሜዚንግ ግሬስ» የሚሉት መዝሙር፣ በእኛ ቋንቋ «ድንቅ ጸጋ» ልንለው የምንችለው።

አብራኝ የምትሠራ እንግሊዛዊት የመዝሙሩን ታሪክ አንድ ቀን አጫወተችኝ። ጆን ኒውተን የሚባል የባሪያ ነጋዴ መርከበኛ ነበረ። በባሕር ላይ ማዕበል ተነሣበት፤ ጸለየ፤ ከሞት ተረፈ። ወዲያው መርከቡን አዙሮ ምርኮኞቹን ወደ አፍሪካ መለሰና ይህንን መዝሙር ጻፈ። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

እኔ የጎጃም ሰው ነኝ፤ ደብረ ኤልያስ ተወልጄ በቅኔ ቤት ደጃፍ ያደግሁ። ቅኔውን ጨርሼ መምህር አልሆንሁም፤ ግሱ ላይ ስደርስ አባቴ ወደ አስኳላ ላከኝ። ሆኖም ያ ደጃፍ አንድ ክፉ ልማድ ጥሎብኛል፦ ታሪክ በጣም ሲጣፍጥልኝ ወርቁን መፈለግ እጀምራለሁ።

የምኖርባት ሚልተን ኬንስ ኒውተን ካገለገለባት ከኦልኒ ሩቅ አይደለችም። በአንድ የዕረፍት ቀኔ በአውቶቡስ ሄድሁ። መቃብሩ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ነው፤ የሞተው ለንደን ቢሆንም አፅሙ ወደዚህ የፈለሰው በ1893 ነው (የጽሑፉ ዓመታት በሙሉ የፈረንጅ ናቸው)። ያነበብሁት ሁሉ ከባልደረባዬ ታሪክ ጋር አልስማማ አለ። ማዕበሉ እውነት ነው፤ መጋቢት 1748። መርከቧ ግን በዚያ ጉዞ የጫነችው የዝሆን ጥርስ፣ ሰምና እንጨት የመሰለ ሸቀጥ ነበር፤ የሚመለስ ምርኮኛ አልነበረም። ጸሎቱም እውነት ነው። ከጸሎቱ በኋላ ግን ሰውየው የባሪያ መርከብ አዛዥ ሆነ! ከ1750 እስከ 1754 ሦስት ጊዜ ተመላልሶ ሰው ጫነ። ባሕሩን የተወውም ስለታመመ ነው። በ1764 ቄስ ሆኖ ኦልኒ ገባ፤ መዝሙሩን በ1773 አቀረበ፤ የባሪያን ንግድ በይፋ ያወገዘበትን ጽሑፍ ያሳተመው ደግሞ በ1788 ነው። ከማዕበሉ እስከ ውግዘቱ ልክ አርባ ዓመት።

ይህንን ለባልደረባዬ ስነግራት ፊቷ ጠቆረ። መልካም ታሪክ ያበላሸሁባት መሰለኝ። እዚህ ሀገር ሰዎች መዝሙርን ያለ ታሪኩ አይወዱም። ሆራሺዮ ስፓፎርድ የሚባል የቺካጎ ሰው በ1873 አራት ሴቶች ልጆቹ በመርከብ አደጋ አልቀውበት «ነፍሴ ደኅና ናት» ብሎ እንደጻፈ ሁሉም ያውቃል፤ ዜማው እንኳ የሰመጠችውን መርከብ ስም ይዟል። ይህ የተረጋገጠ ነው። በሌላ በኩል «የዘመናት ዐለት» ስለሚባለው መዝሙር የሚወራ አለ፤ ደራሲው ከዝናብ የተጠለለበት ነው በሚባል የዐለት ንቃቃት ላይ የመታሰቢያ ጽሑፍ ተለጥፎበታል፤ ነገሩ ግን አፈ ታሪክ ነው። እውነት ከሌለ ይሠሩታል ማለት ነው።

ኦልኒ ላይ ያስገረመኝ ሌላ ነገር ነው። «ድንቅ ጸጋ» ለዘለዓለም እንዲኖር ታስቦ የተጻፈ አይደለም። ኒውተን ለጉባኤው አዲስ መዝሙር የመጻፍ ልማድ ነበረው፤ ጎረቤቱ ባለቅኔው ዊልያም ኩፐርም ያግዘው ነበር። ይህ መዝሙር በፈረንጆች ጥር 1 ቀን 1773 ከመጽሐፈ ዜና መዋዕል ስለ ዳዊት ከሰበከው ስብከት ጋር ለዚያ ቀን የተዘጋጀ ነው። ከተሜውም አብዛኛው ዳንቴል እየሠራ የሚያድር ድኻ ነበር። ዛሬ የምናውቀው ዜማ እንኳ ከቃሉ ጋር የተጋባው በ1835 አሜሪካ ውስጥ ነው፤ ኒውተን ከሞተ ከ28 ዓመት በኋላ። ሰውየው የራሱን መዝሙር ዛሬ ቢሰማ በዜማው አያውቀውም።

ለቀኑ የተዘጋጀ፣ ከዕለቱ ንባብ የወጣ፣ በጉባኤ ፊት የቀረበ። ይህ እኮ የእኛው የቅኔ ሥርዓት ነው! ልዩነቱ እነርሱ በ1779 አሳትመው አስቀሩት፤ እኛ ግን እንደ ዕጣን ጢስ እንለቀዋለን።

እኛም ታሪክ የለንም ማለቴ አይደለም። ትምህርት አልገባው ያለው ያሬድ ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው ዛፉ ላይ የወጣውን ትል አይቶ እንደተመለሰ፣ ሲዘምርም የንጉሥ ገብረ መስቀል ጦር እግሩ ላይ ተተክሎ እንዳልታወቀው በጎጃም ያልሰማ ሕፃን የለም። ድጓውም ማኅሌተ ጽጌውም ተጽፎ ይኖራል። ቅኔ ግን ሌላ ነው። ትናንት የተባለውን ዛሬ መድገም ነውር ነው። ከጎንጅ፣ ከዋሸራ፣ ከዲማ፣ ከደብረ ኤልያስ ቅኔ ቤቶች በየሰንበቱ ስንት መወድስ የሚሉት ቅኔ ተብሎ ይሆን? እገሌ ይህንን ያለው ልጁ በሞተበት ሳምንት ነው ብሎ የሚነግረን የለም። ጥቂት የሊቃውንት ቅኔዎች በመጽሐፍ ተለቅመዋል፤ የቀረው ከአድማጩ ጋር ተቀብሯል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በዘመነ ጽጌ አገሬ ገባሁ። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባለው ጊዜ የጎጃም ሌሊት ሌላ ነው፤ ሜዳው በአደይ፣ ቤተ ክርስቲያኑ በከበሮ። ማኅሌቱ አልቆ ደጀ ሰላም ስንቀመጥ ለየኔታ የኒውተንን ታሪክ ነገርኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። ማዕበሉን፣ ጸሎቱን፣ ከጸሎቱ በኋላ የጫነውን ሰው፣ አርባውን ዓመት። ስጨርስ ዝም አሉ። ከዚያ፦

«እና ተማረ በለኛ።»

«አዎ የኔታ።»

«መቼ ተማረ?»

መጀመሪያ ዓመተ ምሕረቱን ረስተው የጠየቁኝ መስሎኝ ልደግምላቸው ስል ጎኔ ያለው ደቀ መዝሙር ሣቀ። ያኔ ገባኝ። አንዱ «ተማረ» ከምሕረት፣ ሌላው «ተማረ» ከትምህርት ነው። ማዕበሉ ላይ ተማረ፤ አርባ ዓመት ቆይቶ ደግሞ ተማረ። ሁለት ተኩል ምዕተ ዓመት የተዘመረውን የሰውየውን ነገር የኔታ በአንዲት ቃል ኅብር ቋጭተው ወደ ዳቧቸው ተመለሱ። ስለ ኒውተን ካነበብሁት ሁሉ ይህች ቃል ትበልጥብኛለች።

እኔ ደግሞ ከውጭ የተመለሰ ሰው አመል ይዞኝ አላርፍም አልሁ። «ፈረንጅ ሰው ሸጦ ሰው ሸጥሁ ብሎ ይዘምራል፤ እኛስ ከዚህ ንጹሕ ነን» አልኋቸው።

«የጁቤን ታውቀዋለህ?» አሉኝ።

እንዴት አላውቀውም፤ እዚያው ጎጃም ያለ የባሶ ገበያ ነው።

«ከአባይ ማዶ ወደ ባሶ የመጣው ቡናና ዝባድ ብቻ ነበረ እንዴ ልጄ?»

መልስ አልነበረኝም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከጊቤ አገር የሚነሣው የሲራራ ነጋዴ አባይን ተሻግሮ ባሶ ሲያራግፍ ከዝሆን ጥርሱና ከወርቁ ጋር ሰዎችም እንደነበሩበት ማንም የታሪክ አንባቢ ያውቃል። ከዚያ ገበያ ቅርብ በሆኑ አድባራት በየሰንበቱ መወድስ ይባል ነበር። ምናልባት አንዱ መሪጌታ ስለ እነዚያ ሰዎች ተቀኝቶ ይሆናል፤ ጉባኤውም «ይበል!» ብሎት ይሆናል። ወይም ከእነ ጭራሹ ያነሣቸው የለም። የትኛው እንደሆነ የምንለይበት መንገድ የለንም፤ ቅኔው አልቀረማ!

እስከዚያች ቀን ድረስ የእኛ ቅኔ አለመደገሙ ያኮራኝ ነበር። እንግሊዞቹ የቆየ እንጀራ እያሞቁ ይበላሉ፤ እኛ ትኩስ እንጋግራለን እል ነበር። አሁንም ውበቱን አልክድም። ነገር ግን ኒውተን ስለ ጻፈው፣ የጻፈውም ስለ ታተመ፣ ቀኖቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ «መቼ ተማረ?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ የደብረ ኤልያስ መምህር ተገኘ። እኛን ማን ይጠይቀን? በምን አንብቦ?

በሚቀጥለው እሑድ ደብተርና እስክሪብቶ ይዤ ሄድሁ። የኔታ መወድስ አሉ፤ ስምንት ቤት ነው። እጄ ግእዙን መከተል አቃተው፤ ሦስተኛው ቤት ላይ ስደርስ «ይበል! ይበል!» የሚለው ድምፅ ዋጠኝ። ኋላ ደጀ ሰላም ሄጄ የቀረውን እንዲነግሩኝ ለመንኋቸው።

«አልፏል» አሉ፣ ዳቦውን እየቆረሱ። «የሚመጣው ሰንበት ሌላ ነው።»

ደብተሩ ሚልተን ኬንስ አልጋዬ ራስጌ አለ። ሁለት ቤት ተኩል።