ኢፒኪው ለወረቀት ከሆነ ይቅርባቸው

እንግሊዝ አገር ልጅ የሚያሳድግ ሐበሻ ጂሲኤስኢ የሚባለው የ16 ዓመት ልጆች ፈተና ካለፈ በኋላ አንድ ሰሞን እፎይ ይላል። እፎይታው ግን ብዙ አይቆይም። ልጁ ሲክስዝ ፎርም (ከዩኒቨርሲቲ በፊት ያሉት ሁለት ዓመታት) በገባ በጥቂት ወራት ውስጥ «ኢፒኪው የሚባለውን የጥናት ሥራ ልውሰድ እንዴ?» ብሎ ይመጣል። ወላጅ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ አለው?» ነው። አዎ ከተባለ ነገሩ አለቀ። «ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? የእነ እገሌ ልጅ ወስዳ የለ እንዴ!»

በዚህ አልስማማም። ኢፒኪውን በነጥቡ ብቻ የሚወስድ ልጅ ብዙ ጊዜ ባይወስደው ይሻለው ነበር ባይ ነኝ። የራሱ ጥያቄ ያለው ልጅ ደግሞ ነጥቡ ባይኖርም ሊወስደው ይገባል።

ለማያውቀው ባጭሩ ልንገር። ኢፒኪው ተማሪው ራሱ በመረጠው ጥያቄ ላይ የሚሠራው ጥናት ነው። ዩኒቨርሲቲ ከሚያስገቡት የኤ ሌቭል ትምህርቶቹ በተጨማሪ ይወሰዳል፤ ክብደቱም የአንድ ኤ ሌቭል ግማሽ ነው። አብዛኛው ልጅ 5,000 ቃል ገደማ ይጽፋል። ፊልም ወይም ዕቃ መሥራት የሚመርጥም አለ፤ ያኔ ጽሑፉ ያጥራል። በመጨረሻ ጉዳዩን ለማያውቁ ሰዎች ቆሞ ያስረዳል፣ ጥያቄ ይመልሳል። ሥራው በሙሉ 120 ሰዓት ገደማ ይታሰብለታል። ከዚያ ውስጥ ክፍል ገብቶ የሚማረው ትንሹን ነው። የቀረው ከቅዳሜው፣ ከማታው፣ ከእረፍት ሳምንቱ የሚቆረስ ነው።

ወደ ነጥቡ እንምጣ። ኤ ስታር፣ ማለትም ከፍተኛውን ውጤት ያመጣ ልጅ 28 የዩካስ ነጥብ ያገኛል፤ ዩካስ የዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ የሚያስተናግደው ድርጅት ነው። ጥሩ ነው። ግን ጎበዝ ልጆቻችን የሚያመለክቱባቸው ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሚጠይቁት ነጥብ ሳይሆን ውጤት ነው፤ ሦስት ኤ፣ ወይም ሁለት ኤና አንድ ቢ። ለእነሱ 28ቱ ነጥብ ምንም አይጨምርም። ኦክስፎርድና ካምብሪጅ ኢፒኪውን የመግቢያ ቅድመ ሁኔታ አያደርጉትም። በሌላ በኩል በኢፒኪው ጥሩ ውጤት ላመጣ ልጅ አንድ ደረጃ ዝቅ አድርገው የሚቀበሉ አሉ፤ ሳውዝሃምፕተን በዚህ ይታወቃል። ስለዚህ የኢፒኪው ፎርም ከመሞላቱ በፊት ልጁ የሚያስባቸውን ዩኒቨርሲቲዎች ድረ ገጽ ማየት ነው። ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው።

የነጥቡ ነገር ይኸው ነው። ዋናው ጉዳይ ሥራው እንዴት እንደሚታረም ነው። ኤኪውኤ በሚባለው የፈተና ቦርድ ሥራውን አዳብሮ ለፍጻሜ ማድረስ 40 በመቶ ይይዛል። የቀረው 60 በመቶ ለዕቅዱ፣ ለምንጭ አጠቃቀሙና ራስን ለመገምገም ይከፋፈላል። ተማሪው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚሞላው ፕሮዳክሽን ሎግ የሚባል መዝገብም አለ። «ዛሬ ሁለት ጽሑፍ አነበብኩ። ሁለተኛው የመጀመሪያውን አፈረሰብኝ። ጥያቄዬን ላጠበው ነው» የሚል አጭር ማስታወሻ እዚያ ላይ ዋጋ አለው። ጥያቄው ከልቡ የሆነ ልጅ እንዲህ ዓይነቱን ነገር ሳይጨነቅ ይጽፋል። ለነጥብ የገባው ግን ማስረከቢያው ሲደርስ በአንድ ሌሊት የስድስት ወር ማስታወሻ ለመፍጠር ይቀመጣል። የሚያርመው መምህር ደግሞ ሞኝ አይደለም።

እኛን በተለይ የሚመለከተን ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። ልጆቻችን ቤት የሚሰሙትን ታሪክ ክፍል ውስጥ የሚጠይቃቸው የለም። ኢፒኪው ግን ጥያቄው ከኤ ሌቭል ትምህርታቸው ጋር እንዳይደራረብ ይፈልጋል። ይህ ደንብ ለዚያ ለቤቱ ታሪክ በር ይከፍትላቸዋል ማለት ነው።

አንድ ምሳሌ ላሳይ። ልጅቷ «መቅደላ» ብላ ትጀምር። ይህ ርዕስ ነው እንጂ ጥያቄ አይደለም፤ በ5,000 ቃል አይነካም። «የተዘረፈው ይመለስ ወይ?» ብትልም ገና ሰፊ ነው፤ መልሱን አስቀድማ ስለምታውቀውም ጥናት ሳይሆን ክርክር ይሆንባታል። አሁን እናጥበው። ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ 11 ታቦታት አሉ። ለሕዝብ አይታዩም፤ የሙዚየሙ ሠራተኞች እንኳ አያዩአቸውም። በፈረንጆቹ 1963 የወጣ ሕግ ደግሞ ሙዚየሙ ከያዘው ነገር እንደ ልቡ አውጥቶ እንዳይሰጥ ያስረዋል። ኤድንብራ ያለች አንዲት ቤተ ክርስቲያን ግን ቁም ሣጥን ውስጥ የተገኘ ታቦት በ2002 መልሳለች። ለንደን ያለው ቤተ ክርስቲያን ዌስትሚኒስተር አቢም የያዘውን ታቦት ለመመለስ በመርህ ደረጃ መስማማቱ በ2024 ተሰምቷል። «ቤተ ክርስቲያን የቻለችውን ሙዚየሙ ለምን አቃተው? ሕጉ ነው ወይስ ፈቃዱ?» ይህ ጥያቄ ነው። ሕግ ያስነብባል፣ ታሪክ ያስነብባል፣ መልሱም አስቀድሞ አይታወቅም።

ከዚያ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንድ ቄስ ጠይቃ «አባ፣ ታቦት ሰው ካላየው እዚያ መቀመጡ ምን ማለት ነው?» ብትላቸው፣ መልሳቸውንም በፈቃዳቸው ብትቀዳና ብትተረጉመው፣ የክፍል ጓደኞቿ የሌላቸው ምንጭ በእጇ ገባ ማለት ነው። ያ «ቤት ብቻ የምናወራው» አማርኛዋ ለመጀመሪያ ጊዜ በትምህርት ቤት ሥራ ላይ ሲያግዛት ታያለች። ለዚህ ብቻ እንኳ እኔ ፎርሙን አስሞላት ነበር።

ጥያቄው የግድ የሐበሻ ጉዳይ ይሁን እያልኩ አይደለም። ስለ ባትሪም፣ ስለ እግር ኳስ ዳኝነትም መጠየቅ ይቻላል። ብቻ ከልጁ ይምጣ። እናት ሐኪም እንዲሆን ስለምትመኝ ስለ ካንሰር የሚጽፍ ልጅ በሦስተኛው ሳምንት ይሰለቻል።

ማን ይተወው? አንዱ ኤ ሌቭሉ እየተንገዳገደ ያለ ልጅ ይተወው። ሦስት ኤ የሚጠይቅ ዩኒቨርሲቲ ቢ ያመጣን ልጅ ኢፒኪው ስላለው ብቻ ይቀበለዋል ብሎ መተማመን አይቻልም። ቅዳሜና እሑድ ሱቅ የሚሠራ፣ ታናናሾቹን ከትምህርት ቤት የሚያመጣ፣ እናቱን ሐኪም ቤት ይዞ ሄዶ የሚያስተረጉም ልጅም ቆም ብሎ ያስብ። እንዲህ ያሉ ልጆች በመካከላችን ብዙ ናቸው። 120 ሰዓት ከየት እንደሚመጣ ወላጅም አብሮ ቁጭ ብሎ ይቁጠር። «በርታ» ማለት ብቻ ሰዓት አይሆንም።

ትምህርት ቤቱንም መጠየቅ ያለብን ነገር አለ። የሚያማክረው መምህር ማን ነው? ስንት ልጅ ይዟል? ሥራውስ የሚረከበው መቼ ነው? የመጨረሻው ቀላል ይመስላል፤ ግን ወሳኝ ነው። ለሕክምና፣ ለኦክስፎርድና ለካምብሪጅ የሚያመለክት ልጅ የዩካስ ማመልከቻውን እስከ ኦክቶበር 15 ማስገባት አለበት። 12ኛ ዓመት (የሲክስዝ ፎርም የመጀመሪያው ዓመት) ሳያልቅ ሜይ ላይ ካስረከበ ውጤቱን ኦገስት ላይ ይዞ ያመለክታል። ሥራው 13ኛ ዓመት ኅዳር ድረስ ከተጎተተ ግን ከማመልከቻውም ከፈተና ዝግጅቱም ጋር ይጋጭበታል።

በመሃል ማቆምስ? ከትምህርት ቤቱ ጋር ተነጋግሮ ማቆም ይቻላል፤ ነውርም አይደለም። ተማሪው ስለ ራሱ በሚጽፍበት በአዲሱ የዩካስ ፐርሰናል ስቴትመንት ካሉት ሦስት ጥያቄዎች አንዱ ትምህርትህ ለዚህ ኮርስ እንዴት አዘጋጀህ ይላል። ስለ ታቦታቱ ሕግ አንብባ የተወችውም ልጅ እዚያ ላይ የምትጽፈው አታጣም።